መጨረሻ ላይ ስክሪኑ

አርብ፣ ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.
ላፍቶ፣ አዲስ አበባ

ለምወድህና ለምቆጣህ ባለቤቴ፣ ለእንግዳ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ጉልበቴን ከሚነዘንዘኝ ቁርጥማትና ከአንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በእጄ ነው የምጽፍልህ። ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ጣቴ በራሱ «ጉዳዩ፦» ብሎ ጀመረብኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ለሰው ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ ለገዛ ባሌ «ከላይ በርእሱ እንደተጠቀሰው» ልልህ ነበር። ስለዚህ ተውኩትና ከደንበኛ የተረፈ ወረቀት ስቤ በእስክሪብቶ ጀመርኩ። ፊደሌ ቢንጋደድ ዝናቡን ውቀሰው፤ ከምሳ ሰዓት ጀምሮ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ዓይኔን ክድን ክድን ያደርገኛል።

የላክኸው ፍላሽ ደርሶኛል። የሰማሁት ግን በስድስተኛው ቀን ነው። ለምን ስድስት ቀን እንደፈጀብኝ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ። ጥፋቱ የአንተ ነው። የእኔም አለበት፣ እሱ ላይ እደርሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ዲንሳ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ሱቄ በር ላይ ቆመ። ለመንገድ ሥራው ካምፓችሁ ነዳጅና ሲሚንቶ እንደሚያመላልስ የነገረኝ በኋላ ነው፤ ሳየው የመጀመሪያዬ ስለነበር ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ መስሎኝ «ቁጭ በል፣ ስም ከነአያት» አልኩት። እሱ ግን ከሸሚዝ ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አወጣ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ጋሽ እንግዳ ናቸው የላኩልዎት። ስድስት ድምፅ አለው። በስልካቸው ቀድተው የኢንጂነሩ ላፕቶፕ ላይ አስገለበጡት።»

«ምነው ደብዳቤ ቢጽፍ?»

«መጻፍ አልወድም አሉ። የሚመጣው ቅዳሜ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ወደ ካምፕ ስለምመለስ መልሱን ይዤ እንድመጣ አደራ ብለውኛል።»

«የምኑን መልስ?»

ፍላሹን በአገጩ አመለከተኝ። «እሱ ውስጥ ነው አሉ። ከሰኔ ሠላሳ በፊት መድረስ አለበት ብለዋል።»

እሱ እንደሄደ ሱቁን ዘጋሁና ፍላሹን ሰካሁት። ስድስቱም ተደርድረው መጡ፣ አንድ ሁለት ብለህ ቁጥር ብቻ ሰጥተሃቸዋል። አንደኛውን ነካሁት። ድምፅ የሚያጫውተው ፕሮግራም ከታች አንዲት አረንጓዴ መስመር አለችው፤ ሰው ሲናገር ከፍ ዝቅ ትላለች። መስመሯ ትዘላለች፣ ቤቱ ግን ጭር እንዳለ ነው። ድምፁን እስከ ጫፍ ጨመርኩት፤ ምንም የለም። ጆሮዬን ስክሪኑ ጀርባ ላይ ለጠፍኩት፤ ሙቀቱ ብቻ ተሰማኝ።

ይህን ስክሪን አንተ አታውቀውም። የድሮው ሲቃጠልብኝ አምና ከመርካቶ የገዛሁት ነው። ሻጩ «እትዬ፣ ስፒከሩ እዚሁ ውስጡ ነው፤ በአንድ ኬብል ምስሉም ድምፁም ይመጣል» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልሞከርኩትም፤ ማመልከቻ ድምፅ የለው። የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ከተሰበረ ቆይቷል። ስልኬን ደግሞ ታውቃታለህ፣ ከመደወልና ከባትሪዋ መብራት በቀር ሌላ ሙያ የላትም። እንግዲህ ባሌ ከማጂ ወዲያ፣ ኔትወርክ ከማያውቀው አገር ድምፁን ልኮልኝ፣ እኔ ላፍቶ ቁጭ ብዬ የድምፁን መልክ ብቻ አያለሁ።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላይ አልከፋኝም። ዕሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሱቁን ከፍቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጌ መስመርህን ሳይ ዋልኩ። እዚህ ጋ ከፍ ያለችው ሹፌር እየተቆጣህ ነው እላለሁ። እዚህ ጋ አጠር አጠር የምትለው አፍህ ውስጥ ቂጣ አለ። ሦስተኛው ላይ መስመሯ ከዳር እስከ ዳር ሳታቋርጥ ትንቀጠቀጣለች፤ እንግዲህ ይኼ ሳቅ ነው ብዬ እኔም ብቻዬን ሳቅሁ። ዝናቡ መስኮቱ ላይ ይወርዳል፣ መስመርህ ስክሪኑ ላይ ትሄዳለች፣ እኔ በመሃል ቁጭ ብዬ አንተ ያላልከውን ሁሉ ስትለኝ እሰማለሁ። ከተጋባን ወዲህ እንደዚያ ዕለት ብዙ አውርተኸኝ አታውቅም። ስድስተኛው ብቻ መስመሩ ዝርግ ነበር፤ ባዶውን የቀዳኸው መስሎኝ አለፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ግን የዲንሳ ነገር ታወሰኝ። መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ልከሃል፣ ጥያቄውን ደግሞ አልሰማሁትም። ይህ በእኛ ቤት የመጀመሪያ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ስትሄድ የተፈጠረውን አልረሳሁትም። ለእናትህም፣ ለእናቴም፣ ለጠየቀኝ ሁሉ «ሥራ ላይ ነበርኩ፣ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም» ብዬ ነው የኖርኩት። ሁለተኛ ጊዜ አልሰማሁም ብል ማን ያምነኛል?

ስለዚህ ሸምሱን ጠራሁት። ሁለት ሱቅ አልፎ ስልክ የሚጠግነው ሸምሱ፣ አንተ እያለህ ከመካኒሳ በታክሲ እየተመላለሰ የሚሠራው፣ አሁንም ይመላለሳል። ሰላም ብሎሃል። ኬብሉን ነቅሎ በሌላ ቀየረው፣ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ የድምፁን ዝርዝር ከፍቶ አፍንጫውን ስክሪኑ ላይ ሊያስነካ ደረሰ።

«የስክሪኑ ስም እዚህ መኖር ነበረበት» አለ። «የለም። ኮምፒውተሩ ይህ ስክሪን ስፒከር እንዳለው አያውቅም።»

«ንገረዋ እንዲያውቅ።»

«አልሰማ አለኝ እኮ። አንቺ ጋ የኖረ ኮምፒውተር ነው» ብሎኝ ሄደ።

ማክሰኞ ኮምፒውተሩንም ስክሪኑንም ፕላስቲክ አልብሰን በዝናብ ወደ እሱ ሱቅ ወሰድናቸው። እዚያ ስክሪኑን ከራሱ ማከፋፈያ ላይ ሰካው፣ ኮምፒውተሩን አስነሳው፣ ወዲያው ስክሪኑ «ቲንግ» አለ። እንደዚያ ያለ ቀጭን ድምፅ ሰውን እንዲህ ያስደስታል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሸምሱም ደስ ብሎት «ፍላሹን አምጪው፣ እዚሁ እንሞክረው» አለኝ። ፍላሹ ጡቴ ስር ነበር። ዘወር ስል ስልክ ሊያሠሩ የመጡ ሦስት ሰዎች አግዳሚው ላይ ተደርድረው ያዩኛል። ባሌ ሰው ፊት በስሜ ጠርቶኝ እንኳ አያውቅም፤ እንዴት ብዬ ድምፁን እነሱ ፊት አስጥቼው እመለሳለሁ? የሰው ሚስጥር ስጽፍ የምውል ሴት ነኝ፣ ሰው ምን ምን እንደሚያደርገው አውቃለሁ። «ቤት ነው የረሳሁት» አልኩ። ሸምሱ ገብቶት ስክሪኑን መንቀል ጀመረ።

ወደ ሱቄ መልሰን ሰካነው። ጭጭ አለ። ያው ኬብል፣ ያው ስክሪን፣ ያው ኮምፒውተር። ረቡዕ ደግሞ መብራት ሳይመጣ ዋለ። በጨለማው ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ቀን ስቆጥር፣ ሐሙስና አርብ ብቻ እንደቀሩኝ ሳስበው አለቀስኩ። ይህን የምነግርህ እንድታዝንልኝ ነው።

ትናንት መብራት ሲመጣ ሸምሱ ሻዩን እንደያዘ ገባና «ዛሬ አልነካም፤ አንቺ አብሪው፣ እኔ ቆሜ ልይ» አለኝ። እኔም እንደ ወትሮዬ ጀመርኩ። ኮምፒውተሩን ሰካሁ፣ ተነሣ። ፕሪንተሩን ሰካሁ። እጄን አጣጥፌ መብራቱ እስኪረጋጋ ቆምኩ። በመጨረሻ ስክሪኑን።

«ቆይ፣ ሁሌም እንዲህ ነው የምታደርጊው?»

«ሁሌም ነዋ። ሕግ ነው» አልኩና ግድግዳውን አሳየሁት።

ታስታውሰዋለህ? ፍሪጃችን መብራት እንደመጣ ጢስ አውጥቶ የቀረ ሰሞን፣ አንተ በቀይ እስክሪብቶ ጽፈህ ለጠፍክልኝ። «መብራት ሲመጣ፦ አንደኛ ኮምፒውተር። ሁለተኛ ፕሪንተር። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ፣ ውድ ስለሆነ መብራቱ እስኪረጋጋ ይቆይ።» ከሥሩ እንደ ትልቅ መሥሪያ ቤት ፈርመህበታል። መጻፍ የማትወድ ሰው በዕድሜህ የጻፍክልኝ እሱን ብቻ ነው። አንተ ከሄድክ በኋላ ግድግዳውን ቀለም ሳስቀባ ሠራተኛውን በዚያ ወረቀት ዙሪያ እንዲቀባ አድርጌዋለሁ። በቀን አራት ጊዜ መብራት ሲሄድና ሲመጣ፣ በቀን አራት ጊዜ እሱን አንብቤ የምትለኝን እየፈጸምኩ ነው ሦስት ዓመት የኖርኩት። በጎኔ ስትኖር ትእዛዝህን እንዲህ ሰምቼህ አላውቅም።

ሸምሱ አነበበና ሻዩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሳቀ። «ወላሂ፣ ችግሩ ይኸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። አየሽ ዘነቡ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሣ በኬብሉ ማን አለ ብሎ ይፈልጋል። ስክሪኑ ገና አልበራም። ድምፅ የሚቀበለኝ የለም ይልና ድምፁን ወደዚያ ወደተሰበረው መሰኪያ ይልከዋል። በኋላ ስክሪኑ ሲነሣ ምስሉን ይሰጠዋል፣ ድምፁን ግን አይመልስለትም። እኔ ሱቅ ስክሪኑ ቀድሞ በርቶ ነበር።»

«እንግዳን ለመስማት እንግዳን መጣስ አለብኝ ማለት ነው?»

«እንግዳ የድሮውን ስክሪን አስቦ ነው የጻፈው። ምን ያድርግ፣ አልነበረም።»

ሁሉንም ነቀለ። ስክሪኑን ቀድሞ አበራ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተሩን። ዝርዝሩ ውስጥ የስክሪኑ ስም ቁጭ ብሏል። «ቲንግ» አለ። ሸምሱ ሻዩን አነሣና «የባልሽን ድምፅ አንቺው ስሚው» ብሎኝ በሩን ከውጭ ሳብ አድርጎልኝ ሄደ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይባረክ።

እንግዳ፣ ድምፅህ ወፍሯል። ወይስ የስክሪኑ ስፒከር ነው እንጃ። አንደኛው ላይ ስለ ፓስታው አማረርክ፤ በሳምንት ስድስት ቀን ፓስታ ሰው ይበላል? ሁለተኛው ላይ ጦጣዋ የቀያሹን ሳሙና ሰርቃ ዛፍ ላይ ስትነክሰው የነገርከኝን ሁለት ጊዜ ሰማሁት። ሦስተኛው፣ ያ ሳቅ ያልኩት፣ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። «ይኼ ወንዝ ነው፣ ስሚው» ብለህ ዝም አልክ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ሱቁ ወለል ላይ ውሃው የሚሄድ፣ እግሬን የሚነካኝ፣ የቀበሌውን ማመልከቻዎች አንድ በአንድ አንሳፎ በበሩ የሚያወጣልኝ መሰለኝ። ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠፍቶኝ ነበር። አራተኛው ላይ ሕልምህን ነገርከኝ፤ እኔ ስተይብ፣ የምተይበው ነገር ድምፁ ድንኳንህ ላይ የሚዘንበው ዝናብ ሆኖ፣ አንተም «እየጻፈችልኝ ነው» ብለህ ተኝተህ እንደቀረህ። እኔም አንተን በሕልሜ አይሃለሁ፤ ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆመህ ነው።

አምስተኛው ላይ ጠየቅከኝ። ድርጅቱ ለሁለት ዓመት የሚያስፈርም ወረቀት ሰጥቶሃል፣ እስከ ሰኔ ሠላሳ። ካልፈረምክ ደግሞ ለክረምቱ ከሚወጡት ጋር ትወጣለህ። «አንቺ ምን ትያለሽ፣ ልፈርም?» ብለህ ዘጋኸው።

ስድስተኛውን ከፈትኩት። ምንም የለም። ደንግጬ ተነሣሁ፤ ኬብሉን ነካሁ፣ ዝርዝሩን አየሁ፣ የስክሪኑ ስም ቦታው ላይ ነው። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ግን ራቅ ብሎ እንቁራሪት ይጮኻል። ጉሮሮህን ጠረግክ። ወንበሩ ሲጥ አለ። ባዶ አልነበረም፤ አንተ ነበርክ፣ ቁጭ ብለህ መልሴን ትጠብቃለህ። አራት ደቂቃ ሙሉ። የሚሰማኝ ሳይኖር ብቻዬን «አትፈርም» አልኩ። አንዴ አልኩ፣ ከዚያ ጮክ ብዬ ደገምኩት። መጨረሻው ላይ ትንሽ ተነፈስክና «እሺ» ብለህ ዘጋኸው።

መልሰህልኝ መስሎኝ እንደ ልጅ ደስ አለኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሳዳምጠው ግን ያን «እሺ» አወቅሁት። የዛሬ ሦስት ዓመት በመጋቢት የሰማሁት «እሺ» ነው። ትሠራበት የነበረው ጋራዥ ተዘግቶ ዓመት ሙሉ ቤት የዋልክበት ጊዜ ነበር። አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሱቁ በር ላይ ቆምክ፣ ቆብህን በእጅህ ይዘህ። «ሥራ ተገኝቷል፣ ሩቅ ነው። ልሂድ?» አልከኝ። እኔ የአንዲት ሴትዮ የውሃ ቆጣሪ ማመልከቻ ላይ ነበርኩ። ዞር ሳልል «እንደፈለግህ» አልኩህ። «እሺ» አልክ።

ትናንት ሸምሱ ስለ ስክሪኑ ሲነግረኝ ሰበብ ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። እንግዳ ሲናገር እኔ ገና አልነቃሁም፣ ስለዚህ ድምፁ ሌላ ቦታ ሄደ ልልህ፣ ደስ የሚል ደብዳቤም ሊወጣው ነበር። ውሸት ስለሆነ ተውኩት። ያን ዕለት ሰምቼሃለሁ፣ እንግዳ። ጣቴ ቁልፎቹ ላይ ነበር እንጂ አንዲት ፊደል አልተየብኩም። አትሂድ እንድልህ እንደቆምክም አውቄአለሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ልመና ስጽፍ ውዬ፣ «በትሕትና እለምናለሁ» እያልኩ ስንቱን ወረቀት ሞልቼ፣ የራሴ ሲደርስ አፈርኩ። ትለምነኛለች እንዳትል ብዬ ሦስት ዓመት አጣሁህ።

አሁን አላፍርም። ማመልከቻዬ ይኸው፣ አጭር ነው፦ አትፈርም፣ ና። ሥራ ባይገኝ አብረን እንፈልጋለን፤ ቤት ብትውል ፊቴን አላጠቁርብህም፣ ባጠቁርም አትመነኝ። ያን «እሺ» ለዝምታዬ የሰጠኸኝ ነውና መልሰህ ውሰደው፣ ለዚህ ቃሌ ስጠኝ።

ወንዙን የሚያጎድል፣ ጭቃውን የሚያጠነክር አምላክ መንገዱን ይክፈትልህ፤ ዲንሳን ከነመኪናው በሰላም ያድርስልኝ፣ አንተንም በእሱው መኪና ይመልስልኝ። እጅህን ከግሬደሩ ብረት፣ ሆድህን ከፓስታው ይጠብቅልኝ።

ያን ዕለት የሰማችህ ባለቤትህ፣
ዘነቡ

ልነግርህ ብዬ የረሳሁት፦ ወረቀትህን ከግድግዳው አላነሣሁትም። ሸምሱ ግን እንደገና መጻፍ አለበት ብሏል፣ መጀመሪያ ስክሪኑ ተብሎ። እኔ አልነካውም፤ ቀዩ እስክሪብቶ መሳቢያው ውስጥ አለ። መፈረም ካማረህ መጥተህ እሱ ላይ ፈርም።